ከነመልሱ የሚታደል ፈተና

የአሜሪካ ዜግነት ፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ታትመው በነፃ ይታደላሉ። ይህን ዲላ ውስጥ ቡና ለመጠጣት ለተሰበሰበ ጎረቤት ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። እኛ ፈተና የምንለው ሌላ ነገር ነው። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲዞር፣ ፈተናው ተሰርዞ አገር ሲታመስ አይተናል። ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ ጥያቄው ተማሪው ዘንድ ከሚሄድ ተማሪው ጥያቄው ወዳለበት ይሂድ ተብሎ፣ ተፈታኝ ሁሉ ስልኩን ቤቱ ትቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገባ ተፈተነ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው፣ «ጥያቄው ይኸው፣ መልሱም ይኸው፣ በርታ» የሚል መንግሥት ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያደርገው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው።

አሜሪካ የምትኖረው አክስታችን ለዜግነት አመልክታ ማጥናት የጀመረች ሰሞን አያታችን እማማም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «መልሱን ከሰጧችሁ ታዲያ ምኑን ነው የሚፈትኗችሁ?» ሲሉ በስልክ ጠየቋት። አክስታችን አስረዳች። ያኔ ጥያቄው 100 ነበር። ፈታኙ ከመቶው አሥሩን በቃል ይጠይቃል፤ ስድስቱን የመለሰ አለፈ። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብና አንድ መጻፍ ደግሞ አለ። እማማ አልተዋጠላቸውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ልጄ። ይህን የሰጡሽ ሌላ ጥያቄ ደብቀው ነው።»

ከፊሉን አላጡትም። ከጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ያመለከተ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ሆኗል፤ ሃያ ይጠየቅና አሥራ ሁለቱን መመለስ አለበት። የተደበቀውን ጥያቄም ቆይተን አገኘነው፤ እደርስበታለሁ። እማማን ደስ ያሰኛቸው ግን ስለ አዛውንቶች የተጻፈው ደንብ ነበር። ዕድሜው 65 የሞላና 20 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖረ ሰው፣ የሚያጠናው የተመረጡ 20 ጥያቄዎችን ብቻ ነው፤ በገዛ ቋንቋውም በአስተርጓሚ ሊፈተን ይችላል። «እንዲህ ነው እንጂ፣ ሽበት የሚያከብር መንግሥት!» አሉ። አክስታችን ለዚህ አልደረሰችም። ቢደርሳትም እንጃ፤ ስልሳ አምስት ሞልቷታል ከመባል መቶውንም ጥያቄ በእንግሊዝኛ መመለስ ይቀላታል።

ጥናቱ የቤተሰብ ሥራ ሆነ። ዲላ ማታ ሁለት ሰዓት ሲል እሷ ዘንድ የምሳ ሰዓት ነው። ስልኩ ረከቦቱ ላይ፣ ከስኳሩ ዕቃ ጋር ተደግፎ ይቆማል፤ የጥያቄው ወረቀት ጡረታ በወጡት የታሪክ መምህር በጎረቤታችን በጋሼ እጅ ነው። ጋሼ ይጠይቃሉ፣ አክስታችን ታስባለች፣ የሰፈሩ ልጅ ቀድሞ ይመልሳል። የተወካዮች ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጪ አባላት 435፣ ሴናተሮች 100፣ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች 27፣ የባንዲራው ጭረቶች 13። መብራት ሲሄድም በሻማ ይቀጥላል። የራሱን ወረዳ ተወካይ ስም የማያውቅ ሁሉ የሴናተሮችን የሥራ ዘመን ከነወሩ ይነግርህ ጀመር።

ክርክር የሌለበት ማታ ግን አልነበረም። አንድ ማታ ጋሼ «ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚታወቅበትን አንድ ነገር ጥቀስ» ሲሉ ቡና ነጋዴው ጎረቤታችን ከሁሉም ቀደሙ። «እሱን የማያውቅ አለ እንዴ? መቶ ዶላሩ ላይ ያለው ነዋ!» ጋሼ ወረቀቱን ተመለከቱ። ዲፕሎማት ይላል፤ የመጀመሪያው የፖስታ ቤት ኃላፊ ይላል፤ ነፃ ቤተ መጻሕፍት ያስጀመረ ይላል። ስለ ዶላር ግን ትንፍሽ አይልም። ነጋዴው ተቆጡ። «የይርጋጨፌን ጀንፈል ዋጋ በዚህ ሰውዬ ፊት ነው የምንቆርጠው። እናንተ ፖስተኛ ታደርጉታላችሁ?» ብለው የአሜሪካን መንግሥት መልስ ሳይቀበሉ ቀሩ።

ሁሉም የተስማማበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» መልሱ አጭር ነው፤ ማንም ከሕግ በላይ አይደለም። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ቡናውን የከበበው ሰው ሁሉ ወደ ሲኒው ጎንበስ አለ። አክስታችን ከስልኩ ውስጥ «ምነው ዝም አላችሁ?» አለች።

«ኔትወርኩ ነው» አሉ ጋሼ።

አክስታችን የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። በዙሪያዋ ያሉት እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰዎች ስለሆኑ፣ አልጋቸውን እያነጠፈች መጠያየቅ ጀመረች። ከእነሱ የተሻለ አስጠኚ ከየት ይገኛል? የተገኘው ግን ሌላ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን አንዲት ሴትዮ የምክር ቤቱ አባላት ስንት እንደሆኑ ብትጠይቃቸው፣ «ከሚያስፈልገው በላይ» አሏት። ሌላው አዛውንት ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ ተጠይቀው፣ ስላጠመዱት ዓሣ እስከ እራት ሰዓት አወሩላት። ይህ የእነዚያ ሽማግሎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውድሮው ዊልሰን የተባለው የትምህርት ፋውንዴሽን አንድ ሺህ አሜሪካውያንን በዚሁ ፈተና ዓይነት ጥያቄ ቢያስጠይቅ፣ ማለፍ የቻሉት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዜግነት ፈልገው ከሚፈተኑት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ያልፋሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ሕጉ ቢጠብቅ፣ አገሩን ለመጤዎቹ አስረክበው ሊወጡ ነው።»

ወደ ተደበቀው ጥያቄ እንምጣ። ከፈተናው በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ፤ በአክስታችን ጊዜ ሃያ ገጽ ነበር። ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ያ ቅጽ፣ አመልካቹ አባል የሆነበትን ማንኛውንም ማኅበር፣ ክበብ፣ ፈንድና ፓርቲ እንዲዘረዝር ያዝዝ ነበር፤ ለዚህ የተሰጠው ቦታ ጥቂት መስመር ነበር። ይህን ያረቀቀ ሰው ኢትዮጵያዊት አመልካች አላሰበም። አክስታችን እዚያ ዕድር አላት። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ አላት፤ የሰፈር ዕቁብም አላት። የጽዋ ማኅበር አላት። የአገር ልጆች መረዳጃ አላት። ዲላ ያለው ዕድርም እማማ በስሟ ስለሚከፍሉላት እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ተጨማሪ ወረቀት ተቀጠለ። ቀጥሎ «ሕገ ወጥ ቁማር ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?» ይላል፤ የዕቁብ ዕጣ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ሁለት ማታ ተወያየንበት።

ከሁሉም የባሰው የኮሚኒስት ፓርቲው ነው። አባል ነበርሽ ወይ፣ ወይስ በማናቸውም መንገድ ግንኙነት ነበረሽ? ይላል። ቡናው ቀዘቀዘ። በደርግ ዘመን ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው «በማናቸውም መንገድ» የሚለውን እንዴት ያልፈዋል? እማማ የሴቶች ማኅበሩ የአኢሴማ ስብሰባ ሄደዋል። አክስታችን በወጣቶች ማኅበሩ በአኢወማ ሰልፍ ላይ ዘምራለች፤ በደንብ ነው የምትዘምረው። ቀበሌ ስብሰባ ያልተገኘ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ማግኘቱ አጠራጣሪ ነበር! «ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ ርዕዮተ ዓለም አለው ይባላል?» ሲሉ ቡና ነጋዴው ጠየቁ። ጋሼ ዝርዝር ማብራሪያ ጻፉ፤ አክስታችን ጠበቃ ስታማክር እንዳለው ብቻ ተናገሪ አላት። የቀበሌው ስኳር በመጨረሻ በሰላም አለፈ።

የፈተናው ቀን ሁላችንም ስልክ ይዘን ተቀመጥን። ደወለች። አልፋለች፤ ድምፅዋ ግን የተቆጣ ሰው ነው። ለካ ፈታኙ ስድስተኛውን በትክክል ስትመልስ «በቃ፣ አልፈሻል» ብሎ ወረቀቱን ዘግቶታል። ደንቡ እንደዚያ ነው። «ሌላ ጠይቀኝ ብዬው ነበር እኮ! ዘጠና አራቱን ጥያቄ አሁን የት ላድርገው?» አለች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር አንድ ሁለቱን ትነግረናለች፤ ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ1803 ከፈረንሳይ እንደተገዛች እኛ ቤት የማያውቅ የለም።

ቀጥሎ መሐላ ነበር። የመሐላው ቃል ለማንኛውም የውጭ ልዑል፣ ገዥና መንግሥት የነበረን ታማኝነት መተውን ይጠይቃል። ይህ ሲተረጎምላቸው እማማ ደነገጡ።

«ንጉሥሽን ካጂ ነው የሚሉሽ?»

«እማዬ፣ ንጉሡ እኮ በ67 ወርደዋል።»

«እ... እንግዲያስ ማይ። የሌለ ሰው መካድ ምን ያስቸግራል።»

የኢትዮጵያ ሕግ ግን እንደ እማማ አይቀልድም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በ20ኛ አንቀጹ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የራሱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አክስታችን የቀራት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ ነው። በእሱ ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራለች፤ መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን የለም። ዲላ ላይ ድምፅ መስጠት አትችልም። ዕድሩ ግን አላሰናበታትም፤ መዋጮዋ እስከገባ ድረስ ዕድር ጥምር ዜግነት ይፈቅዳል።

ነገሩ ወደ ራሳችን የዞረው ከዚህ በኋላ ነው። «እኛስ ዘንድ ምን ይጠየቃል?» አለ የሰፈሩ ልጅ፤ ጥያቄ ስላለቀበት ጨንቆታል። ጋሼ ሕጉን ፈልገው አመጡ። የ1996ቱ አዋጅ የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ሲፈልግ የታሪክ ፈተና አያቀርብለትም። አራት ዓመት የኖረ፣ ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል ይሁን ነው የሚለው። ከቋንቋዎቹ በአንዱ! ይርጋጨፌ ቡና ሊቀምስ መጥቶ በዚያው የቀረ ፈረንጅ ጌዴኡፋ ከለመደ፣ በቋንቋ በኩል ተገላገለ ማለት ነው። በሐምሌ 1922 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ግን እንዲህ ለጋስ አልነበረም፤ አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ አማርኛን አሳምሮ የሚናገርና የሚጽፍ ይሁን ይል ነበር። እማማ ይህን ሲሰሙ አባታቸውን አስታወሱ። በጌዴኡፋ ተወልደው፣ በጌዴኡፋ ዳኝተው፣ በጌዴኡፋ የሞቱ ሰው ናቸው። «በዚያ ሕግ አባቴን ቢፈትኗቸው ወድቀው ከአገር ይባረሩ ነበር» አሉ። «ግብር ሲቀበሏቸው ግን ቋንቋ የጠየቃቸው የለም።»

በአገሩ የተወለደ ሰው ምንም አይጠየቅም። ለፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ ሁለት ዓይንና አንድ ፊት አስረክበን ስንወጣ፣ ስለ አገሪቱ ግማሽ ጥያቄ ያነሳብን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ እኛው ለእኛው ፈተና እናውጣ አሉ።

«የኢትዮጵያ ክልሎች ስንት ናቸው?»

«ሃምሳ!» አለ ልጁ፣ ከአፉ ሳያስበው አምልጦት።

«በየትኛው ዓመት?» አሉ ቡና ነጋዴው። ልክ ናቸው። ዘጠኝ ነበሩ፤ በ2012 ሲዳማ ሲጨመር አሥር፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ሲጨመር አሥራ አንድ፣ በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲመሠረት አሥራ ሁለት ሆኑ። እማማ ከአንድ ቤት ሳይንቀሳቀሱ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ በደቡብ ክልልና በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ኖረዋል። ብዙ አገር ዞረዋል ማለት ነው።

«የክልላችን ዋና ከተማ ማን ናት?» የአሜሪካው ፈተና ላይ እንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ መልስ አለው። የእኛው ክልል ማዕከላቱን ስድስት ላይ አከፋፍሏቸዋል፦ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ፣ ካራት። ጉዳይ ያለው ሰው አገር ያያል። ጌዴኦ ዞን በሰሜን ከሲዳማ፣ በቀረው ዙሪያው ከኦሮሚያ ጋር ስለሚዋሰን፣ ከዲላ ተነስቶ ወደተቀሩት የክልሉ ከተሞች የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሌላ ክልል መሬት መርገጥ አለበት። አክስታችን ይህን ስትሰማ ካልተጠየቀችው ዘጠና አራቱ አንዱ ትዝ አላት። «ከካናዳ ጋር የሚዋሰን ግዛት» የሚል ነው፤ አላስካ ከመልሶቹ አንዱ ናት። «እናንተ እኮ አላስካ ናችሁ!» አለች። ብርዱ ሲቀር እውነቷን ነው።

«በመስከረም 2016 ከዞናችን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ምንድን ነው?» ይህን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአጎቴ ልጅ መለሰ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር። እማማ ትርጉሙን ጠየቁ። ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አብሮ የሚለማበት፣ ከነትክል ድንጋዮቹና ከነተከበሩ ደኖቹ፣ ብሎ አስረዳቸው። እማማ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የእንሰትና የቡና ማሳ አላቸው።

«የእኔን ጓሮ ነው?»

«እንደ እሱ ያለውን ነው እማማ። የዓለም ሆኗል።»

«የዓለም ከሆነማ፣ ዓለም መጥቶ አንድ ቀን አብሮኝ ይረም!»

ጋሼን የያዛቸው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካኖቹን ወረቀት ደጋግመው ሲያነቡ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመው ቀሩ። ለእርስ በርስ ጦርነቱ መነሻ ከሆኑት ችግሮች አንዱን ጥቀስ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው ያ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ወታደር ጨርሷል። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ መንግሥት በመልስነት የጻፈው ሦስት ነገር ነው፦ ባርነት፣ የኢኮኖሚ ምክንያት፣ የግዛቶች መብት። አንዱን ያለ ያገኛል። «እኔ ብሆን ባርነትን ያልጠራውን እጥለው ነበር» አሉ ጋሼ፤ የታሪክ መምህርነታቸው ተቀስቅሶ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀመጡት እኮ» አሉ። እኛ መልሱ ይቅርና ጥያቄውን ለመሰብሰብ በ2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ አቋቁመን፣ አጀንዳ ስናሰባስብ ዓመታት አልፈዋል። ጋሼ እስክሪብቶ አነሱና እስቲ እኛም አንዱን እንሞክር ብለው በተራ ቁጥር አንድ ጻፉ፦ «ኢትዮጵያ ስንት ዓመቷ ነው?»

ይህን ጥያቄ ቡና ላይ ያነሳ ሰው ጀበናውን ቀድሞ ማራቅ አለበት። ነጋዴው «ሦስት ሺህ፣ ይህ ጥያቄ ነው እንዴ?» አሉ። የአጎቴ ልጅ «አሁን ባላት ቅርጽ ከሆነ መቶ ምናምን» አለ። ድምፅ ከፍ አለ፤ የአያት ስም ተነሳ፤ አክስታችን ከስልኩ ውስጥ «ስሙኝማ! ስሙኝማ!» ብትል የሚሰማት ጠፋ። ጋሼ ሁለቱንም መልስ ጽፈው ወደ እማማ ዞሩ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ጠያቂው ማን ነው?»

«መንግሥት ነው እንበል።»

«የትኛው?»

ጋሼ ሳቁና ይህንንም በሦስተኛ መልስነት አሰፈሩት። አክስታችን ግራ ገባት። «ጋሼ፣ ለማለፍ የትኛውን መመለስ አለብን?»

«የፈለግሽውን አንዱን» አሏት። «ማለፍሽ የሚታወቀው ግን ሌሎቹን ሁለቱን ስትሰሚ ነው፤ ሰምተሽ ሲኒሽን ሳትደፊ ከተቀመጥሽ ሙሉ ነጥብ ነው።»